ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ

«አገራችሁ ቀየት ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ነው?» አለቻት የመጥለቅ ማሠልጠኛ ሠራተኛዋ ሲሀም ከጅቡቲ ደውላ፣ ሰላምታዋን እንኳ በወጉ ሳትጨርስ።

መቅደላዊት ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ሰክታ የዳሱን ገመድ ካስማ ላይ ታስር ነበር። ነገ ቅዳሜ የአባቷ የአቶ ገብረ አማኑኤል የአርባ ቀን ተዝካር ነው። የጠየቋትን መመለስ የለመደች አስተማሪ ናትና ያለምንም ጥርጣሬ፣ «ሦስት ሺህ አካባቢ ነው፣ ምነው?» አለች።

 ሲሀም የመቅደላዊት ወንድም ፍሬአብ የት እንደደረሰ ጠየቀቻት። ሌሊቱን በጭነት መኪና ሲጓዝ አድሮ ከሚሴን ማለፉን፣ ከሰዓት በኋላ ቤት እንደሚደርስ ነገረቻት።

«ትናንት በስንት ሰዓት ነው ከውሃ የወጣው?»

«ሰባት ሰዓት ላይ። ሁለት ጊዜ ጠልቆ ነው የጨረሰው። ነፋስ ስለነበር የረቡዕን ወደ ሐሙስ ገፍተውበት።»

«መቅደላዊት፣ ያኔ የላክሁልሽን ወረቀት እስከ መጨረሻው አንብበሽዋል?»

ገመዱን ለቀቀችው። ወረቀቱ ስልኳ ውስጥ ነበር። ፈልጋ አገኘችውና ያን ቀን በኩራት ያነበበችውን መስመር ደግማ አነበበች። ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ሃያ አራት ሰዓት ሳይሞላ አውሮፕላን አይሳፈሩ ይላል። ይህንን አንብባ ነበር። ከሥሩ ደግሞ፣ በመኪናም ቢሆን ወደ ከፍተኛ ቦታ አይውጡ ይላል። ይህንንም ዐይኗ ሳያየው አልቀረም፤ ተራራ ለሚወጡ ፈረንጆች የተጻፈ ነው ብላ አልፋው ነበር እንጂ።

መንዝ ተወልዶ ያደገ ሰው ከፍታ ሲሉት የሚያስበው አንጋጦ የሚያየውን ነው። ቀየት ደግሞ ከቤቷ ደጃፍ ሆነው ሲያዩዋት እንደ አውድማ የተዘረጋች ናት፤ ገብስ ይዘራባታል፣ ተማሪዎቿ ኳስ ይጫወቱባታል። መቅደላዊት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ ሜዳ ስትወጣ ስትገባ አንድም ቀን ከተራራ ጫፍ ላይ እንደምትኖር አስባው አታውቅም። ስለዚህ አውሮፕላኑን ከለከሉ ብላ ወንድሟን በመኪና እንዲመጣ አደረገችው፤ ብልሃቷንም ራሷ አደነቀችው።

ሲሀም ቀስ ብላ አስረዳቻት። ጠላቂ ከባሕር ሥር የሚተነፍሰው የታመቀ አየር ሥጋና ደሙ ውስጥ ይገባል። ቀስ ብሎ እንዲወጣ ጊዜ ካልሰጡት፣ ሰውየውም ወደ ላይ ከወጣ፣ ተነቅንቆ እንደተከፈተ ለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ይሆናል። አረፋው መገጣጠሚያ ከያዘ ያማል፤ ሕብለ ሰረሰር ከያዘ ሽባ ያደርጋል፤ ሳንባና አንጎል ከያዘ ይገድላል። «ቶሎ ደውዪለት፣ የጣርማ በርን ዳገት እንዳይወጣ» አለቻት።

ጥፋቱ የዛሬ ብቻ አልነበረም። ፍሬአብ በአንድ የግድብ ጥገና ድርጅት በያጅ ነው። የመጥለቅ የምስክር ወረቀት ካመጣ በውሃ ውስጥ ሥራ እንደሚመድቡት፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላመጣ ግን ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጡ ነገሩት። የውጭ ቋንቋ የሚያውቀው የቤቱ ሰው መቅደላዊት ስለሆነች ማደሪያውንም አሠልጣኙንም የመምረጡ ሥራ በእሷ ላይ ወደቀ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የተማሪ ደብተር ማረም ትታ በስልኳ ባሕር ላይ ዋለች። ሁለት ቦታ ቀራት። አንደኛው ሲሀም የምትሠራበት ነበር፤ ከተማ ውስጥ ንጹሕ ክፍል ይሰጣል፣ በየቀኑ በጀልባ ያመላልሳል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የግድ አንድ የዕረፍት ቀን አለው። ሲሀም የሸዋ ሮቢት ልጅ ስለሆነች በአማርኛ ተከራክረው፣ ተሳስቀው፣ ሊዋደዱም ደርሰው ነበር። ሁለተኛው ሙሻ ደሴት ላይ ድንኳን ተክሎ ያሳድራል፤ ዋጋው በግማሽ ያንሳል፣ ስለ ዕረፍት ቀን ምንም አይልም። የዕረፍቱ ቀን ቢቆጠር ፍሬአብ ለተዝካሩ አይደርስም። እሷም ድንኳኑን መረጠች።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ይህ ግን የሚለቀም ዓይነት አልነበረም።

ስምንት ጊዜ ደወለች። ስምንት ጊዜም ያቺ የማትቆጣ የማትደነግጥ ሴትዮ ደንበኛው ጥሪ መቀበል እንደማይችሉ ነገረቻት። ከዳሱ ወጥታ፣ ከባሕር ዛፎቹ አልፋ፣ የስልክ መረብ ይሻላል ወደሚባልበት ጉብታ ሮጠች። በዘጠነኛው አነሣ።

«የት ነህ?»

«ሸዋ ሮቢት። ሹፌሩ አዳነ ጎማ እያስነፋ ነው፣ አሁን እንነሣለን።»

«ምን ይሰማሃል? እውነቱን ንገረኝ።»

«ምን ይሰማኛል፣ ጋቢና ውስጥ ተጣጥፌ አድሬ» ብሎ ሳቀ። «ባቲን ካለፍን ጀምሮ ትከሻዬንና ክርኔን ይቆረጥመኛል። ግራ እግሬም ደንዝዟል። ስደርስ ታሺኛለሽ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የሰማችውን ሁሉ ሳታስተካክል አወረደችለት። መኪናውን ትቶ ሆስፒታል እንዲሄድ፣ ከባሕር እንደመጣ እንዲነግራቸው፣ ኦክስጅን እንዲጠይቅ ለመነችው። 

«ለአባዬ ቀብር አልደረስኩም፣ መቅዲ» አለ። «እኔ ገደል ውስጥ ብረት ስበይድ ሌላ ሰው ነው አፈር ያለበሰው። አገሩ ምን እንዳለኝ ሰምተሻል። ነገም ከዳሱ ከጠፋሁ በምን ዐይኔ ነው ቀየት የምገባው?»

«በሬሣ ሳጥን ልትገባ ነው?»

«አይዞሽ፣ ድካም ነው። ደግሞ ሐሳብ አይግባህ፣ ሁሉንም አንብቤዋለሁ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

በቁጣ አልነበረም ያለው። ሊያጽናናት ነበር። ከኋላ የመኪናው ሞተር ሲነሣ ሰማች፤ ከዚያ መሥመሩ ተቋረጠ።

ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር መንገዱ አንድ ሽቅብ ነው። ቆላው እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ደብረ ሲና ሲደርሱ ሹራብ ያስፈልጋል፤ ጣርማ በር ላይ ጉሙ መኪና ያስቆማል። ያንን መንገድ ኮሌጅ ስትማር ስንቴ ተመላልሳበታለች። አሁን እያንዳንዱ ጥምዝ የወንድሟን ደም የሚያፈላ መሰላት። ደጋግማ ደወለች፤ አያነሣም። የእሷን ልመና አልሰማም፤ የሚሰማው አንድ ሰው ብቻ አለ። ያ ሰው ደግሞ ፍሬአብ ባሕር መውረዱን አያውቅም።

እናቷ ወይዘሮ የትምወርቅ ታላቅ ወንድማቸውን የወንጪት ወንዝ ሞልቶ ወስዶባቸዋል። ሬሣው ሳይገኝ ባዶ ዳስ ውስጥ ነው የተለቀሰለት። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸው ወራጅ ውሃ እንዲሻገሩ እንኳ አይወዱም። መቅደላዊትና ፍሬአብ ተማክረው፣ ልጁ ድሬዳዋ ላይ የብየዳ ሥልጠና ገብቷል ብለው ዋሽተዋቸዋል።

እናቷ ጓዳ ውስጥ ከጎረቤታቸው ከአማከለች ጋር ጠላ እየጠለሉ ነበር። የነፍስ አባታቸው መምሬ አትናቴዎስ በሩ ሥር ተቀምጠው ስለ ነገው ጸሎት ሰዓት ያወራሉ። መቅደላዊት ሰው አለ ብላ አልተወችም። ቆማ፣ እጇን እያፍተለተለች፣ ከመጀመሪያው ውሸት አንሥታ እስከ ዛሬዋ ስልክ ድረስ ነገረቻቸው። አንድ ነገር አላስቀረችም።

የትምወርቅ ማጥለያውን አስቀመጡ። «የእኔ ልጅ ባሕር ገብቶ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እኔ ነኝ የላክሁት፣ እማዬ።»

«አሁን እዚህ ከመጣ ይሞታል ነው የምትዪኝ?»

«ሊሞት ይችላል። ሽባም ሊሆን ይችላል። አላውቅም። ቁልቁል ከተመለሰ ግን ይሻለዋል።»

የሚጮኹ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና፣ «ደውዪ» አሉ።

ሁለቴ እንቢ ብሎ በሦስተኛው ጠራ። ያነሣው ሹፌሩ አዳነ ነበር፤ ደብረ ሲናን አልፈው ዳገቱን ይዘዋል። ፍሬአብ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ሲወርድ ግራ እግሩ አልሸከም ብሎት አስፋልቱ ላይ ወድቆ እንደነበር፣ ለቤት ሰው እንዳይናገር እንዳስማለው በሹክሹክታ ነገራት። መቅደላዊት ስልኩን ለእናቷ ሰጠች።

«ፍሬአብ።»

«እማዬ፣ ምንም አልሆንኩም። ደርሻለሁ፣ ጥቂት ነው የቀረኝ።»

«አትምጣ።»

«ነገ እኮ የአባዬ ...»

«ስማኝ። ካለህበት አንድ እርምጃ ሽቅብ ብትራመድ የአባትህ አጥንት ይውጋህ። ሰምተኸኛል? አጥንቱ ይውጋህ።»

አማከለች ጉንጯን ያዘች። መምሬ አትናቴዎስ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ይህ እርግማን በቀየት ጠላት ላይ እንኳ በዋዛ አይወርድም፤ እናት በአንድ ወንድ ልጇ ላይ፣ ያውም በአባቱ ተዝካር ዋዜማ ስትጠራው የሰማ የለም።  ከስልኩ ውስጥ የልጁ ልቅሶ መጣ፤ የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ እንደ ሕፃን ይነፋረቅ ጀመር። «እሺ» አለ፣ «እሺ፣ አልመጣም።»

አዳነ መኪናው እዚያ ዳገት ላይ መዞር እንደማይችል፣ ግን እስከነጭነቱ ዳር አስይዞት፣ ወደ ታች በሚወርድ ሚኒባስ ልጁን ደግፎ እንደሚመለስ ነገራቸው። የትምወርቅ መረቁት። ስልኩን ለልጃቸው መለሱላት፤ ፊቷን ግን አላዩም። ወደ መምሬ ዞረው አንገታቸውን ሰበሩ።

«ይፍቱኝ፣ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ ሽማግሌው፤ መስቀሉን ለማውጣት እጃቸው ኪሳቸውን ሲፈልግ ቆየ።

ሲሀምም ዝም ብላ አልተቀመጠች። ሸዋ ሮቢት መድኃኒት ቤት ያለው አጎቷ ሙነወር ሆስፒታሉ በር ላይ አልጋ አስይዞ ጠበቃቸው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልክ መጣ። ፍሬአብ የኦክስጅን ጭምብል ተደርጎለታል። ትከሻው ለቀቅ አድርጎታል፤ እግሩ ግን አልተመለሰም። እንዲያውም ቀኙም መወረር ጀምሯል። ሐኪሙ እንዲህ ያለ በሽተኛ አይቶ እንደማያውቅ በሐቅ ተናግሯል፤ አረፋውን በታመቀ አየር የሚያሟሟ የግፊት ክፍል የሚባል ሕክምና እንደሚያስፈልገው፣ የት እንደሚገኝ እያጠያየቀ እንደሆነ፣ እስከዚያው ከልጁ አጠገብ የሥጋ ዘመድ ቢኖር ጥሩ እንደሆነ ነግሯቸዋል።

መቅደላዊት ይህን ለእናቷ ስትነግር የትምወርቅ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ገንቦ ይደፍኑ ነበር።  ሹራቧን፣ ያላትን ገንዘብና የስልክ ቻርጀሯን በፌስታል ጠቅልላ ወደ መናኸሪያ ሄደች። ከሁለት ልጆች አንዱ እንኳ በተዝካሩ አለመገኘቱ ለእናቷ ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለች። የሚያለቅሱትም፣ የሚያንሾካሹኩትም፣ የሚስቁትም ሰዎች ከዐይኗ ፊት ነበሩ። ግን ያንን ወረቀት እስከ ግማሽ ያነበበችው እሷ ናት፤ ልጁ እግሩን ካጣ ዐይኑን እያየች መስማት ያለባትም እሷ ናት።

የመጨረሻው ሚኒባስ ሞልቶ ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ ሰዎች ወደ ኋላ ዞረው ማየት ጀመሩ። የትምወርቅ በጥቁር ቀሚሳቸው መንገዱን መሐል ለመሐል ይዘው እየመጡ ነው። አማከለች ከኋላቸው ትሮጣለች። መቅደላዊት ሊያስወርዷት የመጡ መሰላትና ፌስታሏን አቀፈች፤ ቢቆጧትም ቢረግሟትም እንደማትወርድ ለራሷ ቆረጠች።

እናቷ በሩን ሳቡት። አጠገቧ ያለውን ሰውዬ ጠጋ እንዲልላቸው ጠየቁና ወጥተው ተቀመጡ።

«የትምዬ፣ ኧረ ምን ሆነሻል?» አለች አማከለች መስኮቱን ይዛ፣ ትንፋሿ ተቆራርጦ። «ተዝካሩ ነገ እኮ ነው። ሰው ሁሉ ተጠርቷል። ባለቤቷ የሌለችበት ተዝካር ምን ይባላል?»

የትምወርቅ ከነጠላቸው ጫፍ የጓዳውን ቁልፍ ፈቱና በመስኮቱ ሰጧት። «ጸሎቱን መምሬ ያደርሱታል። አንቺ ሰዉን አብዪ፣ አጠጪ» አሉ። «ገብሬ ከእንግዲህ የትም አይሄድብኝም። ልጁ ነው የሚሄድብኝ።»

አማከለች ቁልፉን እንደያዘች ቀረች። የትምወርቅ በሩን ራሳቸው ዘጉት፤ ሹፌሩንም፣ «ንዳው፣ ልጄ» አሉት።