ሦስተኛ ማርሽ

«አትነካውም ብያለሁ! ስንቴ ልበልህ?» ሲምቦ የመኪናው በር ላይ ጀርባዋን አስደግፋ ክንዶቿን ዘረጋች። «የወንድምህ እጅ ያለበት ነገር ይሄ ብቻ ነው የቀረኝ።»

«እትዬ፣ የወንድሜ እጅ አይደለም፤ ያለቀ ጎሚኒ ነው» አለ ባዳሳ። መዳፉን ከፍቶ ጥቋቁር የጎማ ቀለበቶች አሳያት። «እነዚህን አራት ፍሬ ነጋዴው ከማለዲን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪያመጣልኝ ሁለት ወር ጠብቄያለሁ። የማርሹ ዘንጎች የሚጋጠሙበት ላይ ነው የሚገቡት። ሲያልቁ ዘንጉ ይላላል፤ ማርሹ በራሱ ይዘላል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም።»

«በራሱ ከሆነ ለምን ድልድዩ ጋ ብቻ ይዘላል?»

ባዳሳ ቀለበቶቹን በመዳፉ ውስጥ አንከባለለ። መልሱን ለራሱ መቶ ጊዜ ነግሮታል። ከጎባ ወደ ሮቤ ሲወረድ ድልድዩ አፍ ላይ መንገዱ ተቦርብሯል፤ መኪናዋ ስትነጥር ያለቀው ጎሚኒ ዘንጉን ይለቀዋል። ነገር ግን መንገዱ ላይ ጉድጓድ ሞልቷል። ከዚያ ሁሉ መካከል ማርሹ ከሦስተኛ ወልቆ የሚወጣው እዚያ ብቻ ነው። ሞተሩ በባዶ ይጮኻል፤ መኪናዋም መንገድ ዳር የቆመ ሰው ልትጭን እንዳሰበች ሁሉ ቀስ ትላለች።

የሲምቦ ባል ጉሉማ በ1970 አንድ ቀን ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይኸው ሰባት ዓመት ሆነ። ሞቷል የሚል፣ በዓይኔ አይቻለሁ የሚል ሰው ስላልተገኘ ለቅሶ አልተቀመጡለትም፤ ተዝካርም አልወጣለትም። ሲምቦ ጥቁር አልለበሰችም። እናቱ አዴ ዳቢሴ ሮቤ ላይ ዛሬም ምሳ ሲቀርብ የእሱን ድርሻ ከፍለው ይከድናሉ። ፔጆ መኪናው ሦስት ዓመት ግቢው ውስጥ ቆሞ ከርሞ፣ ታናሽ ወንድሙ ባዳሳ አስነሥቶት በጎባና በሮቤ መካከል ሰው ይጭንበት ጀመር። ማርሹም የዚያኑ ቀን ድልድዩ ጋ ዘለለ።

«እሱ ነው የሚነቅለው» አለች ሲምቦ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አቁምልኝ እያለህ ነው። አንተ ደግሞ መልሰህ ታስገባዋለህ።»

ባዳሳ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንሥቶ ወደ ጎማው አወረደ።

«ማሎ፣ እባክሽ እትዬ! አንድ ቀን ሰው ጭኜ ወንዝ ውስጥ እገባለሁ። ያኔ የማን እጅ ነው ልትዪ ነው?»

ሲምቦ ክንዶቿን ሰበሰበች። ከበሩ ገለል አለች።

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከሥር ተኝቶ ዘንጉን ያያል፣ ሌላው ከላይ ማርሹን ይለዋውጣል። ሲምቦ ማርሽ ታውቃለች። በተጋቡበት ዓመት ጉሉማ ከጎባ በታች ባለው ሜዳ መንዳት አስተምሯት ነበር። ከበር እስከ በር ወጥ በሆነው የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ከመሪው ሥር የወጣውን የማርሽ እጀታ ያዘች።

ባዳሳ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ፣ ጆንያ አንጥፎ ከሥር ገባ። ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ጭጋግ መሬቱን አርሶታል። ዘንጉን በፒንሳ ስቦ አሮጌውን ጎሚኒ አወጣና እጁ ባለበት ቀረ። ፋብሪካ የሠራው አይደለም። ከኮንጎ የጎማ ጫማ ተረከዝ በቢላ የተቆረጠ ነው፤ የተረከዙ መስመር እንኳ ገና አልጠፋም። ያን ሰሞን ጉሉማ የቀኝ ጫማውን ተረከዝ ቆርጦ ለመኪናው ሰጥቶ፣ «ከኔ ይልቅ እሷ ትራመድ» እያለ ሲያነክስ ይሥቁበት ነበር። ባዳሳም በመጨረሻው ቀን ወንድሙን ከሩቅ ያወቀው በዚያ ማነከሱ ነው።

አዲሱን ከተተና ዘንጉን መልሶ ገጠመ።

«ሁለተኛ» አለ።

ዘንጉ ከደረቱ በላይ ተንቀሳቀሰ።

«ሦስተኛ።»

ተንቀሳቀሰ። ጥብቅ ብሎ ያዘ። ፊቷ አይታየውም፤ የሚታየው ብረቱ ብቻ ነው። አፉ የተከፈተው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

«እትዬ፣ አይቼዋለሁ።»

ከላይ ወንበሩ ሲጢጥ አለ።

«ድልድዩ ጋ። ዱቄት ላመጣ መኪናውን ይዤ ስወርድ። ጠመንጃ የያዙ ሦስት ሰዎች ወደ ወንዙ ይነዱታል። እያነከሰ ነበር። መኪናውን ሲያይ እጁን አነሣ። ሦስተኛ አስገብቼ አለፍኩ። አንገቴን አላዞርኩም። ዳገቱን ሳልጨርስ ተኩስ ሰማሁ።»

ከአጥሩ ውጭ የፈረስ ጋሪ ቃጭሉን እያሰማ አለፈ። ከዚያ ዘንጉ ከሦስተኛ ወጥቶ ቀስ ብሎ ወደ መሃል ተመለሰ።

«ቀጥል» አለች ሲምቦ። «ጨርሰው።»

አራቱንም ጨረሰ። ከሥር ሲወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አገኛት።

«ለእናትህ የምነግራት እኔ ነኝ። ወደ ሮቤ ንዳ።»

የገበያ ቀን ነበር፤ መንገዱ በሰውና በጋሪ ተጨናንቋል። ሳይነጋገሩ ወረዱ። ድልድዩ አፍ ላይ መኪናዋ ነጠረች። የባዳሳ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ማርሹ ሄደ፤ ማርሹ ግን ካለበት አልተነቃነቀም። የሞተሩ ድምፅ አልተለወጠም፤ መኪናዋም ቀስ አላለችም። ደስ ይለኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እጁን ግን ከማርሹ ላይ አላነሣም።

«አቁም» አለች።

ፍሬን ያዘ።

«የት ጋ ነበር?»

«ከማዶ። እዚያ ባህር ዛፉ ሥር።»

«ውረድና ቆመህ አሳየኝ።»

ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ ዛፉ ሥር ደረሰና ዞረ። «እዚህ!» አለ፤ ድምፁ የሚደርሳት ስላልመሰለው እጁን ወደ ላይ አነሣ።

ሲምቦ ወንበሩ ላይ ተንሸራታ መሪው ጋ ደርሳ ነበር። አንደኛ ገባ። ሁለተኛ። መኪናዋ ድልድዩን ተሻግራ አጠገቡ ስትደርስ የሲምቦ ዓይን መንገዱ ላይ ነበር። ሦስተኛ ሲገባ ባዳሳ ሰማ፤ ማርሹ ያዘ፤ መኪናዋም አለፈችው።

አንድ ባለ ጋሪ ፈረሱን ወደ ጠርዝ ስቦ መንገድ ለቀቀላት። ካለፈች በኋላ ወደ መሃል ተመልሶ፣ አጠገቡ ከተቀመጠው ሰውዬ ጋር ዘንድሮ ስለዘገየው ዝናብ የጀመረውን ወሬ ቀጠለ።