ሰዓዳ ያላጠፋችው አማራጭ

ሰዓዳ ለጤና ጣቢያዎች በነጻ የሚታደለውን የሕሙማን ካርድ መያዣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ለመጫን ዝግጁ የምታደርገው ሲቀላ ሰፈር ካለው የአባቷ ሱቅ ጓዳ ተቀምጣ ነው። ፕሮግራሙ ሲገነባ የሚበሩና የሚጠፉ አማራጮች አሉት፤ አንዱ ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ያደርገዋል። አንድ ቀን ፕሮግራሙን የሚሠራው ቡድን መሪ ተክለወልድ ከአዲስ አበባ ደወለላት።

«ያንን አማራጭ አጥፊው። አንዴ አብርተን፣ አንዴ አጥፍተን እያንዳንዱን እትም ሁለት ጊዜ መፈተሽ ሰልችቶናል። ዛሬ ኔትወርክ የሌለው ማን አለ?»

«ጫሞ ሐይቅ ዳር ባለው ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ ወሰንየለሽ አለች። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ሙሉ ኔትወርክ ጠፍቶባት ነበር። አማራጩ ባይኖር ለየትኛዋ እናት የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማት በምን ታውቅ ነበር?»

«ውሳኔው አልቋል፣ ሰዓዳ።»

«በእኔ እጅ ግን አይጠፋም፣ ጋሽ ተክለወልድ።»

በማግስቱ የይለፍ ቃሏ አልሠራ አለ። ተክለወልድ ከቡድኑ አስወጥቷታል። ሁለት ዓመት የለፋችበት ነውና ዕንባዋ መጣ፤ ቀጥሎ ግን ንዴቱ በለጠባት። የፕሮግራሙ ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ ቅጂውን አውርዳ፣ አማራጩን አብርታ ገነባችው፤ ፍተሻውንም ሁለቴ ብቻዋን ጨረሰችው። ከዚያ በፍላሽ ይዛ በባጃጅ ወደ ጫሞ ወረደችና የወሰንየለሽ ኮምፒውተር ላይ ጫነችው። ለሌሎቹ ጣቢያዎችም ኢንተርኔት ላይ አስቀመጠችላቸው።

በሳምንቱ አሥራ አንድ ጣቢያዎች የእሷን እትም ወሰዱ። ተክለወልድ እንደገና ደወለ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንንም አልጠየቅኩም» አለችው። «ከፈለጋችሁ እናንተም ውሰዱት።»