የእምነት ክህደት ቃል

በዚያ በአብዮቱ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ ቀበሌ የተጠራ ሰው ሚስቱን ይሰናበት ነበር፤ አገኘሁ ግን «ነጩን ሸሚዜን ተኩሺልኝ» አለ።

«ሠርግ ነው እንዴ የጠሩህ?» አለች ሚስቱ ሸጊቱ።

«የቀበሌው ጥበቃ ያለውን አልሰማሽም? ‹የእምነት ቃልህን እንድትሰጥ ትፈለጋለህ› ነው ያለኝ። ይህን ስጠብቅ ኖርሁ እኮ!»

አገኘሁ የዘጌ ልጅ ነው፤ የደብተራ ዘር። ፋብሪካ ተቀጥሮ ማሽን ሲጠግን ከወለጋ የመጣችውን ሸጊቱን አገባና በእሷ በኩል ሉተራን ሆነ። የሳበው መዝሙሩ አይደለም። የሉተራን አባቶች ከአራት መቶ ዓመት በፊት በጀርመን አገር ንጉሥ ፊት ቆመው፣ የሚያምኑትንና የማያምኑትን አንቀጽ በአንቀጽ ጽፈው፣ ግቢ የቆመው ሕዝብ እስኪሰማ ድረስ ጮኸው ማንበባቸው ነው። ያን ጽሑፍ እንደ ዳዊት በቃሉ ይዞታል። የሚያነብለት ንጉሥ ነው ያጣው።

ንጉሡ አሁን ተገኘ፤ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ አንዳርጋቸው። ክሱ የሉተራኖቹ ጸሎት ቤት ተወርሶ የቀበሌ አዳራሽ ከሆነ ወዲህ አገኘሁ በቤቱ ሕገ ወጥ ስብሰባ አድርጓል የሚል ነበር።

«ቃልህን ስጥ» አለ አንዳርጋቸው፣ እስክሪብቶውን እየነቀነቀ።

«መስኮቱ ይከፈትልኝ።»

«ሞቀህ?»

«ሕዝቡ እንዲሰማ ነው።»

አንዳርጋቸው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ተከሳሽ አይቶ አያውቅም። ከፈተለት። አገኘሁ ኮሌታውን አስተካክሎ ጀመረ፦

«እኔ ከእናቴ ማኅፀን ጀምሮ በደለኛ ነኝ።»

«ጎሽ!» አንዳርጋቸው እየተጣደፈ ጻፈ። «ግብረ አበሮችህስ?»

«ከአዳም የወረስሁት ነው።»

«አዳምን ተወው፤ ሞቷል። በሕይወት ያሉትን ንገረኝ።»

«የሰው ልጅ ሁሉ።»

ይህንንም ጻፈ። «ሰው በሥራው አይጸድቅም» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን እስክሪብቶው ቆመ።

«ምን አልህ? በምርት ዘመቻ ወቅት ሥራ አያስፈልግም ነው የምትል?»

«ያስፈልጋል፤ አያጸድቅም እንጂ። ማንጎ ማንጎ ያፈራል፤ ፍሬው ግን ዛፉን አልተከለውም።»

አንዳርጋቸው እጁ እስኪዝል ጽፎ ወረቀቱ ግርጌ ደረሰ። እዚያ ላይ ምን ጊዜም የምትሞላ አንዲት ቦታ አለች፤ አምኗል ወይስ ክዷል። ክሱን ያመነ ይታሰራል። የካደ፣ ምስክር ከሌለበት፣ ይለቀቃል። አገኘሁን የጠቆመው ሰው ደግሞ ወደ ደልጊ ከተማ ተዛውሯልና ምስክር የለም።

«እንግዲህ ክጃለሁ በልና ወደ ቤትህ ሂድ። እውነቱን ልንገርህ፣ ማሰሪያ ቦታም የለኝ።»

አገኘሁ ፊቱ ጠቆረ። «አልክድም።»

«ክሱን ነው እኮ የምልህ!»

«ጴጥሮስንም ሲጀምሩት እንዲህ ብለውት ይሆናል።»

ቦታ የለምና ከኅብረት ሱቁ የስኳር ጆንያ ጋር ዘጉበት። ሸጊቱ ምሳ ይዛ መጥታ በበሩ ቀዳዳ ትጮህበት ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ ክሱን ካድ እንጂ ጌታን ካድ ማን አለህ? ምነው እንዲህ ገገምህ?»

«ወረቀቱ ክዷል ብቻ ነው የሚል፤ ምኑን እንደካድሁ አይጽፍም። ኋላ በሰማይ ቢነበብ ምን እላለሁ?»

ሸጊቱ ሳህኑን እዚያው ትታ ዘጌ በታንኳ ተሻገረች። የአገኘሁን አጎት መሪጌታ መርስዔ ኀዘንን ይዛ ተመለሰች። መሪጌታ የወንድማቸው ልጅ ሃይማኖት ከለወጠ ወዲህ ስሙን አንሥተው አያውቁም። ጃንጥላቸውን አጥፈው ቀበሌው በር ላይ ቆሙ።

አንዳርጋቸው ብድግ አለ። «እንኳን መጡ አባቴ! ይህ ሰው ሥራ አያጸድቅም ይላል። እርስዎ ይፍረዱ።»

«ኧረግ! ሥራ የሌለበት እምነት ሬሳ ነው!»

«ይኸው! እኔስ ምን አልሁ?»

መሪጌታ ደነገጡ። ፈጣሪ የለም ከሚል ሰው ጋር በነገረ ሃይማኖት መስማማታቸው ገባቸው። ሦስት ጊዜ አማተቡ።

«ስማ አንተ ልጅ! ይህን ከሐዲ የምረታው እኔ ነኝ። አንተ ከየት መጥተህ?»

«ከሐዲማ አልሆንም ብዬ ነው እኮ የታሰርሁ!» አለ አገኘሁ ከስኳሩ መሀል።

መሪጌታ ነገሩን ሁሉ ሰምተው፣ ተማሪ ግስ እንደሳተባቸው ወደ አንዳርጋቸው ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥያቄውን ነው ያበላሸኸው። አስወጣው። አገኘሁ! በዚህ ክስ ታምናለህ?»

«በክስ?» አገኘሁ ሸሚዙ ላይ የተነሰነሰውን ስኳር እያራገፈ ተቆጣ። «በክስ ምን ሲደረግ! እኔ የማምነው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ነው።»

«ጻፍ» አሉ መሪጌታ። «አላመነም።»

አንዳርጋቸው ጻፈ። አገኘሁ ወጣ። መሪጌታ እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ስለ ሥራ አስፈላጊነት ሲሰድቡት ሄዱ፤ ታንኳዋ ላይ ሲሳፈሩ ግን «አጥንትህ ገጥጧል፣ ብላ» አሉት።

በሳምንቱ እሑድ ነዋሪው ሁሉ አዳራሽ ተጠራ። ከአውራጃ እንግዶች መጥተዋል፤ ሂስና ግለ ሂስ ነው። ከኅብረት ሱቁ ስኳር ጎድሏልና ራሱን የሚወቅሰው ተረኛ ጓድ አንዳርጋቸው ነበር። ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ራስን ለመውቀስ ከዚያ የተሻለ ጽሑፍ አያውቅማ!

«እኔ ጓድ አንዳርጋቸው ከእናቴ ማኅፀን ጀምሮ በደለኛ ነኝ።»

ከእንግዶቹ አንዱ «እንዲህ ያለ ጥልቅ ግለ ሂስ!» ብሎ ለጎረቤቱ አንሾካሾከ። አገኘሁ ዓይኑ እንባ ሞላ። የገዛ ጸሎት ቤቱ ነው፤ መስኮቶቹ ክፍት ናቸው፤ መንገደኛው ቆሞ ይሰማል። አንቀጹ በአንቀጽ ላይ ሲደረደር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ተከተለ።

«ሰው የሚጸድቀው» አለ አንዳርጋቸው፣ እንግዶቹን ሰረቅ አድርጎ እያየ፣ «በሥራውና በሥራው ብቻ ነው!»

ጭብጨባው ቀለጠ። አገኘሁ በጥፊ እንደተመታ ክው አለ። ሸጊቱ ጉልበቱን ጨመቀችው።

«ዝም በል። በፈጠረህ ዝም በል።»

«ሰምተሽዋል?»

«አልሰማሁም። አንተም አልሰማህም።»

ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ እጁን አወጣ።

«ጓድ አንዳርጋቸው፣ እርማት አለኝ።»

አንዳርጋቸው ከመድረኩ አየው። አልተቆጣም፤ ቃል እንደጠፋው ተማሪ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ «የቱ ጋ?» አለ።

አገኘሁ ኮሌታውን እያስተካከለ ተነሣ። ሸጊቱ ነጠላዋን አጣፋችና፣ የዘጌ ታንኳ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ አጠገቧ የተቀመጠችውን ሴት ጠየቀች።