የሰማንያ አምስቱ መዝገብ

«አንቺ ግቢና መዝገቡን አስወጪ፤ እኔ መኪናዋን የማቆምበት ቦታ ልፈልግ» ብላ ሰብሊ ታላቅ እህቷን ምንትዋብን ፍርድ ቤቱ በር ላይ አወረደቻት።

ማዘዝ ለምዶባታል። ምንትዋብ ከቦሌ አራብሳ በሁለት ታክሲ ተጋፍታ ሲኤምሲ እህቷ ቤት የደረሰችው ልብሷ ተጨማዶ ነው፤ ሰብሊ ግን ከቪላዋ ብቅ ያለችው ለሠርግ እንደተጠራ ሰው ተኳኩላ ነበር።

የአባታቸው የአቶ ዓለምሰገድ ሙት ዓመት ደርሷል። ሰብሊ ለዚያ ቀን የቤተሰቡን ታሪክ በመጽሐፍ ልታሳትም ነው፤ ዘመድ አዝማዱም «ሰብሊዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ማን ያስታውሰን ነበር!» እያለ ያሞካሻታል። ምንትዋብ ቅናት አንገብግቧታል። መቅናት የጀመረችው ደግሞ ዛሬ አይደለም።

ወላጆቻቸው በ1985 ዓ.ም. ሲፋቱ እሷ ስምንት፣ ሰብሊ አራት ዓመታቸው ነበር። ሰብሊ ከአባቷ ጋር ሄዳ የግል ትምህርት ቤት ገባች። ምንትዋብ ከእናቷ ከወይዘሮ ትበርህ ጋር ጎሮ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቀረች። «አባታችሁ መርጦ የወሰደው እሷን ነው» ይሉ ነበር እናቷ፣ ነፍሳቸውን ይማረውና። ይህ ቃል ምንትዋብን ዕድሜዋን ሙሉ ሲያቃጥላት ኖሯል። ለሰብሊ ግን ኩራቷ ነው፤ የመጽሐፏን የመጀመሪያ ምዕራፍ «አባቴ የመረጠኝ ቀን» ብላዋለች። የቀራት የፍርድ ቤቱን ወረቀት ማስገባት ብቻ ነው።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የወራሽነት ማስረጃውን አይቶ አንድ አቧራ የለበሰ መዝገብ አመጣ።

«እዚሁ ነው የሚያነቡት፣ እሺ እናቴ? ኮፒ የሚደረገውን ገጽ ይንገሩኝ።»

ምንትዋብ ገለጠችው። የአባቷ አቤቱታ ነበር፦ «ልጄን ምንትዋብን እኔ እንዳሳድጋት እንዲወሰንልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ያለ እሷ ቤቴ ቤት አይሆንም።»

«አባዬ!» አለች ሳታስበው፣ ጮክ ብላ። እንባዋ መጣ። ወዲያው ደግሞ ሙት ዓመቱ ታያት፤ በዘመድ ሁሉ ፊት ቆማ ይህን ስታነብ፣ ሰብሊም የምትገባበት ሲጠፋት። ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት።

ገጹን ገለበጠች። የእናቷ መልስ አጭር ነበር፦ «ትልቋ ሥራ ታግዘኛለች፤ አልሰጥም። ከፈለገ ታናሿን ይውሰድ።» በመጨረሻው ገጽ ዳኛው በስምምነታቸው መሠረት ምንትዋብ ከእናቷ፣ ሰብሊ ከአባቷ ጋር እንዲኖሩ ወስነዋል።

ምንትዋብ መልሱን እንደገና አነበበችው። ሁለቱም የፈለጉት እሷን ነበር። ሰብሊን የጠየቀ ማንም የለም።

«ምንቴ! አገኘሽው?» ሰብሊ የመኪናዋን ቁልፍ እንደያዘች እያለከለከች ገባች። «አባዬ ምን ብሎ ነው የጠየቀኝ? በናትሽ ንገሪኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«የትኛው ገጽ ነው ኮፒ የሚደረገው?» አለ ሠራተኛው።

«ውሳኔው ብቻ» አለች ምንትዋብ፤ የመጨረሻውን ገጽ አሳይታው መዝገቡን መልሳ ሰጠችው።

«የአባዬ አቤቱታስ?»

«ጽሑፉ ደብዝዟል፤ ኮፒ ቢደረግ አይነበብም። እኔ አንብቤልሻለሁ።»

«እሺ በይ፣ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ ልጻፈው» አለች ሰብሊ ስልኳን እያወጣች።

ምንትዋብ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ የአባቷን ቃል አንድም ሳታስቀር ነገረቻት፤ በራሷ ስም ቦታ የእህቷን ስም አስገብታ።