ሳይነበብ የቀረው ሰላምታ

ሳዲቅን እስከ ዛሬ እወቅሰዋለሁ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ባሕር ዳር ስታዲየም እኔ አስተዋዋቂ ነኝ፣ እሱ የድምፅ ማጉያ ባለሙያ። አንድ ቀን ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «ጋሼ አዘዘ፣ ይችን ይዩማ!» አለኝ። ቪዲዮው አሜሪካ ነው፤ ኳስ ሜዳ። አስተዋዋቂው በእንግሊዝኛ ይናገርና ያንኑ መልሶ በስፓኒሽ ይለዋል። በስፓኒሽ ሲል ከወዲያ ጥግ ያለው ሕዝብ ሆ! ብሎ ይነሣል።

«በቋንቋቸው ስለጠራቸው እኮ ነው» አለ ሳዲቅ። «እሑድ የእንጅባራ ቡድን ይመጣል። ደጋፊው ሁለት አውቶብስ ሙሉ ነው አሉ። በአገውኛ እንኳን ደኅና መጣችሁ ቢሏቸውስ? እርስዎ እንደሁ የዚያው አገር ሰው ነዎት።»

«ማን ነገረህ?» አልሁት ዐይኔን አፍጥጬ።

«ኧረ ጋሼ! እናትዎ ለሕክምና የመጡ ጊዜ በሹክሹክታ ሲያወሩ ሰምቻለሁ እኮ።»

ምን ልበል? ባሕር ዳር ለትምህርት የመጣሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ክፍል ውስጥ አፌን በከፈትሁ ቁጥር በአማርኛዬ ይስቁብኝ ነበር። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ ማለዳ ማለዳ ጣና ዳር እየወረድሁ ጋዜጣ ጮክ ብዬ አነብ ጀመር። ከቁንዝላ የሚመጡት ጀልበኞች «ያ እብድ ዛሬም አለ!» ይሉ ነበር። ይበሉ! ያ እብድ ነው ዛሬ የከተማው ልጅ ሁሉ አማርኛውን የሚኮርጀው። የት ተወለድህ ሲሉኝ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር እላለሁ። ቤቴ ግሽ አባይ ነው እንጂ እዚያ አልተወለድሁም። ውሸት ነው።

ሳዲቅ ነዝናዛ ነው፣ አልለቀኝም። በመጨረሻ እሺ አልሁና ስድስት መስመር በአገውኛ ጻፍሁ። ያ ሳያንስ ለእናቴ ለአገርነሽ ደውዬ ነገርኋት። እስቲ ማን ደውል አለኝ?

አማርኛዋ ከገበያ አያልፍም፤ ኳስ ሜዳም ረግጣ አታውቅም። «በእኛ ቋንቋ? ያ ሁሉ ሰው እየሰማ?» አለችኝ። «አዎ እምዬ።» እያለቀሰች ነበር። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። እሑድ ከደጋፊዎቹ ጋር አውቶብስ ተሳፍራ፣ መራዊን አልፋ መጣች። ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ሊናገርልን ነው» ብላ ነው የወጣችው።

ከላይ ካለው ክፍሌ ሆኜ አየኋት። ጃንጥላዋን ዘርግታ ስትቀመጥ ከኋላዋ ያሉት ጮኹባት፤ አጠፈችው። ቀና ብላ ድምፁ የሚመጣበትን ትፈልጋለች።

የአማርኛውን ሰላምታ አነበብሁ። ሁለተኛዋን ወረቀት ሳነሣ አንድ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ወልደ ሐዋርያት ነው፤ ያኔ ክፍል ውስጥ ይስቁብኝ ከነበሩት አንዱ፤ እሱ ግን ረስቶታል። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ የክብር እንግዶቹን ይዞ ነው የመጣው። «ይሄ ነው አማርኛ!» አላቸው። «የግሽ አባይ ልጅ! ከእሱ ተማሩ!»

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው፣ መልሼ ያ የሚሳቅበት ልጅ ሆንሁ። ወረቀቷን አጠፍኋት። ሳዲቅ በዐይኑ ጠየቀኝ፤ «በእረፍት አነበዋለሁ» አልሁት። በእረፍት «ሲያልቅ» አልሁት። ሲያልቅ ሕዝቡ መውጣት ጀመረ፤ ሳዲቅ ማጉያውን አጠፋው። የጠፋ ቁልፍ ጠርቻለሁ እኮ! መንገድ የዘጋ ባጃጅ ታርጋ ሁለት ጊዜ አንብቤያለሁ። ለዚያ ጊዜ ነበረኝ።

እየሮጥሁ አውቶብሱ ዘንድ ደረስሁ። እናቴ ጉንጬን ሳመችኝና «ጥሩ ነው» አለች። «ድምፅ... ጥሩ ነው።» በአማርኛ! በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ አናገረችኝ። እኔ በአገውኛ ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር ዙሪያዋን አየችና እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«ሰው ይሰማል፣ ልጄ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ ስደውልላት እኔ በአገውኛ፣ እሷ በአማርኛ ሆነናል። ስንቴ ለመንኋት! በአገውኛዋ ሰው ፊት እንዳታሳፍረኝ ብላ ነው፤ ይህን ሳስብ ምድር ብትውጠኝ እመርጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ድምፅዋ ደከመብኝና «ምንሽን ነው ያመመሽ?» አልኋት።

«እዚህ... ይሄ...» እያለች ቃሉን ፈለገች፣ ፈለገች፤ አጣችው።

«በእኛው ንገሪኝ እምዬ፣ ስለ እግዚአብሔር!»

«ግድ የለም» አለችኝ፤ «ደኅና ነኝ።»