የባየ አውራ ጣት

ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን አልፎ ወደ ቢቸና ሲገሰግስ ንጋት የበዓል ቀሚሷ ላይ አስመለሰች።

"እማዬ፣ አሁን ፎቶው ሊበላሽ ነው?" አለች አፏን እንኳ ሳትጠርግ።

"አይበላሽም። ቀሚስ ይጠረጋል።"

እስከዳር ከቦርሳዋ ፋሻ አውጥታ መጀመሪያ የልጅቷን አገጭ፣ ቀጥሎ ቀሚሱን ጠራረገች። አሥራ ሁለት ዓመት ያዋለደች ነርስ ቦርሳዋ ውስጥ ገንዘብ ሊጠፋ ይችላል እንጂ ፋሻና አልኮል አይጠፋም። ከኋላ የተቀመጡ አሮጊት ግማሽ ሎሚ አቀበሏት።

"አፍንጫዋ ላይ ያዥላት። አይዞሽ፣ መኪና ያልለመደ ሆድ ነው። አቤት፣ ቁርጥ አንቺን!"

ይህን ሰባት ዓመት ሙሉ ስትሰማው ኖራለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፊቷ በርቶ "ኧረ አባቷን ነው" ትል ነበር። ዛሬ አመስግና ሎሚውን ተቀበለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ለልጅቷ የተነገራት ቢቸና ፎቶ ለመነሣት እንደሚሄዱ ነው። ሞጣ ውስጥ ፎቶ ቤት የጠፋ ይመስል። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ጉዞ ከተገኘ ምክንያቱን አትመረምርም፤ ትናንት ለሰፈሩ ልጆች ስታወራ ነው የዋለችው።

ንጋትን እስከዳር አልወለደቻትም። ይህን የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው። ያኔ እስከዳርና ባሏ ይታገስ የሚኖሩት ቢቸና ነበር፤ እሷ አዋላጅ፣ እሱ የፊዚክስ መምህር። በዛብሽ የምትባል የገጠር ሴት በቃሬዛ መጥታ ሴት ልጅ ወለደችና ደሟ አልቆም አለ፤ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ስትወሰድ መንገድ ላይ አረፈች። ባሏ ባየ ሌሎች ሦስት ልጆች ቤት ጥሎ የመጣ ገበሬ ነው። ሕፃኗን ታቅፎ ግድግዳ ተደግፎ ሲያለቅስ አይታው፣ መውለድ አልሆንላት ያላት እስከዳር "ለጊዜው እኔ ጋ ትቆይ" አለችው።

ለጊዜው የተባለው ሰማንያ ቀን ሆነ። ልጅቷ ክርስትና በተነሣችበት ዕለት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ይታገስ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ አጠባት፤ "ከአብራኬ የወጣች ልጄ ናት" ብሎ ማለ። ባየም በተራው "ከዛሬ ወዲያ ልጄ ናት ብል እህል ውኃ አይበርክትልኝ" አለ። የጡት ልጅ የሚባለው እንዲህ ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀት የሚጠይቅ፣ አልወለዳችኋትም የሚል የለም፤ ቢኖርም ነውረኛ ይባላል። ልጅቷ ወሬ ሳትሰማ እንድታድግ ብለው ባልና ሚስቱ ወደ ሞጣ ተዛወሩ።

ባየ መሐላውን ጠብቋል። አንድ ጊዜ ሞጣ ገበያ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እስኪያልፉ ድረስ ቆሞ ነበር።

ወረቀት የሚጠይቅ የመጣው ከጀርመን ነው።

ይታገስ ለሥልጠና ሄዶ እዚያው ጥገኝነት ከጠየቀ ሦስት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ከለከሉት፤ ይግባኝ ብሎ ቀጠሮ ይጠብቃል። እስከዳርም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ሁለት ዓመት ቋንቋውን በስልኳ ተምራ፣ ተፈትና፣ እዚያው አገር ለነርስነት ሥልጠና ቪዛ አገኘች። ጥቅምት ሃያ መሄድ አለባት። ንጋት ሞጣ ከአያቷ፣ ከእስከዳር እናት ከእማማ ሰብለ ወንጌል ጋር ትቆያለች፤ የይታገስ ነገር ሲለይለት ይወስዷታል። ሐሳቡ ይህ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ይታገስ ደወለ።

"እስኬ፣ ጠበቃዬ አንድ ወረቀት ፈልጋለች።"

"ምን የሚል?"

"ንጋት የኛ ልጅ እንዳልሆነች።"

እስከዳር የሰማችውን ማመን አቃታት። "አንተ ራስህ ወለድናት ብለህ የለም እንዴ?"

"ምን ልበል ታዲያ? ልጅ አለህ ወይ አሉኝ፤ አለኝ አልኋቸው። ሚስትህ ናት የወለደቻት አሉኝ፤ አዎ አልሁ። ጣቴን ማር ነክሬ አጥብቻት፣ በሽማግሌ ፊት ምዬ፣ የማላውቀው ሰው ስለጠየቀኝ የሰው ልጅ ናት ልበል?"

እስከዳር አፈረች። ይታገስ እዚያ ድረስ ሄዶ እንኳ መሐላውን አልካደም። የካደችው እሷ ናት። አዲስ አበባ ያለው ኤጀንት ቅጹን ሲሞላላት የንጋትን የልደት ወረቀት ጠይቋት ነበር። እንደሌላት ስትነግረው "እንግዲያው ልጅ የለም ብለን እንለፈው" አለና ጻፈ። አየችው። ዝም ብላ ፈረመች። አሁን ባል አንድ ልጅ አለን ይላል፣ ሚስት ልጅ የለኝም ትላለች፤ ሁለቱ ወረቀቶች ደግሞ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተዋል።

"ሁለታችሁ አንድ ቃል ካልተናገራችሁ ሁለታችሁም ትወድቃላችሁ ነው ያለችኝ" አለ ይታገስ። "እኔን ይመልሱኛል፤ ያንቺንም ቪዛ ይሰርዙታል። ወላጅ አባቷ ልጄ ናት ብሎ ከፈረመና አብረው የተነሡትን ፎቶ ከላክሽልኝ ግን እኔ ባህሉን አስረዳለሁ። ያንቺም ወረቀት እውነት ይሆናል።"

"ከዚያ በኋላስ? የሰው ልጅ ናት ብለን ፈርመን በምን አፋችን ነው የኛ ናት ብለን የምንወስዳት?"

ይታገስ ወሬውን ወደ ራሱ አዞረ።

"እስኬ፣ ሦስት ዓመት ሆነኝ" አለ። ድምፁ ተሰበረ። "አንድ ክፍል ውስጥ ለአራት ነው የምንተኛው። ጠጉሬ አልቋል። ብታይኝ አታውቂኝም። ወረቀት ብቻ ነው እኮ። እኛ የምናውቀውን እኛ እናውቃለን።"

አብራው አለቀሰች። ትወደዋለች፤ እምቢ የምትልበት አንጀት አልነበራትም። በማግስቱ በባየ ትልቅ ልጅ ስልክ ደውላ፣ ንጋት ልጁ መሆኗን ቢቸና መጥቶ እንዲፈርም ነገረችው። ባየ ምክንያቱን ሳይጠይቅ "እሽ" ብሎ ዘጋው።

ቢቸና ሲደርሱ ረፋድ ሆኗል። የገበያ ቀን ስለነበር ጤፍ የጫኑ አህዮችና የሚነዱ በጎች ባጃጆቹን መንገድ ነስተዋቸዋል። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በላስቲክ ጥላ ውስጥ፣ መሪጌታ አካለ ወልድ ማመልከቻ ይጽፋሉ። ድሮ ቅኔ ቤት የነበሩ ሰው ናቸው፤ ለጽሑፋቸው ማማር የሚጨነቁትን ያህል ለባለጉዳዩ አይጨነቁም እየተባሉ ይታማሉ።

ባየ እሳቸው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ጠጉሩን ተላጭቷል። ሸሚዙ አዲስ ነው፤ እጥፋቱ እንኳ አልለቀቀም። ንጋትን ሲያይ ብድግ አለና ወዲያው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

"እንዴት ነዎት ጋሽ ባየ?"

"እግዜር ይመስገን። እንዴት ሰነበትሽ ሲስተር?"

ንጋት እንደተማረችው እጇን ዘረጋች። በሁለት እጁ ያዘላትና ቶሎ ለቀቃት።

እስከዳር ለልጅቷ ሸንኮራ ገዛችላትና ማዶ ካለው ፎቶ ቤት ደጃፍ ላይ አስቀመጠቻት። "ከዚህ እንዳትነሺ። እያየሁሽ ነው" አለቻትና ተመለሰች።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ከመፈረም በፊት መስማት ግድ ነው። ‹እኔ አመልካች፣ ንጋት የተባለችው ሕፃን የአብራኬ ክፋይ፣ የሟች ባለቤቴ የበዛብሽ ልጅ መሆኗን፣ ወይዘሮ እስከዳርና ባለቤታቸውም በበጎ ፈቃድ ከማስጠጋት በቀር የእናትነትም ሆነ የአባትነት መብት የሌላቸው መሆኑን…› ማስጠጋት ይሻላል ወይስ ማሳደግ?"

"የፈለጉትን ያድርጉት መሪጌታ።"

"ማስጠጋት ያምራል።"

ንጋት ኩፍኝ የያዛት ጊዜ እስከዳር ስምንት ቀን ከጀርባዋ አላወረደቻትም። የመጀመሪያ ጥርሷ ሲነቀል አልሰጥም ብላ በመሐረብ ቋጥራ ያስቀመጠችው እሷ ናት። ይህ ሁሉ ማስጠጋት ከተባለ እናትነት የሚባለው ምን እንደሆነ መሪጌታን መጠየቅ አማራት።

ባየ መጻፍ አይችልም። መሪጌታ የማኅተም ቀለሙን ገፋ አደረጉለት። አውራ ጣቱን ጫን አድርጎ ሲያነሣው እስከ መገጣጠሚያው ሰማያዊ ሆኗል። ጣቱን ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፍ ግን ወደ እስከዳር ዞረ።

"ልብሷን ይዘሽ መጥተሻል?"

"የምን ልብስ?"

"የልጅቷን ነዋ። መኪናው ወደ እኛ የሚወጣው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ብርድ ሳይመጣ እንድንደርስ ብዬ ነው።"

እስከዳር አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። "ጋሽ ባየ፣ ፊርማ ብቻ እኮ ነው። ልጅቷ እናቴ ጋ ነው የምትቆየው።"

ባየ ግራ ተጋብቶ አያት። "እንዴት ይሆናል? ልጅህ ናት ብለህ ፈርም ስትይኝ መሐላውን ፈታሽልኝ ብዬ ነው የመጣሁ። ልጄ ናት ብዬ ከፈረምሁ፣ ልጄን ሰው ቤት ጥዬ የምሄድ ምን ዓይነት አባት ነኝ? ልጄ ካልሆነች ደግሞ ለምን እፈርማለሁ?"

"እርስዎን እኮ አታውቅዎትም።"

"ትለምደኛለች። እህቷ መደቡን ለቅልቃ ቁርበት አንጥፋላታለች። እናቷ የፈተለችው ነጠላም አለ፤ ለማንም ሳልሰጥ አስቀምጨዋለሁ።" ሊደብቀው ሞከረ እንጂ ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። "ሰባት ዓመት ስሟን አፌ ላይ አላመጣሁም ሲስተር። ትናንት ለልጆቹ ‹ንጋት ልትመጣ ነው› አልኋቸው።"

እስከዳር ወደ ማዶ ተመለከተች። ንጋት ሸንኮራውን እየገሸለጠች ታኝካለች። አጠገቧ የቀሚሷ ጫፍ ላይ ሁለት የተላጡ ቁራጮች አስቀምጣለች፤ የሥሩን፣ ጣፋጩን። ሁልጊዜ እንዲህ ናት፤ ለእማዬ ሳታስቀር አትበላም።

ይህ ጣት ወረቀቱን ከነካ ይታገስ ከዚያ ክፍል ሊወጣ ይችላል። በጥቅምት መጨረሻ ፊቱን ታየዋለች፣ ያለቀውን ጠጉሩን ትዳብሰዋለች። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ይህንን ነው። ካልነካ ደግሞ ይግባኙም ይወድቃል፣ ቪዛዋም ይቀራል፤ ይታገስም ይቅር ይላት እንደሆነ አታውቅም። ሌላ ወረቀት፣ ሌላ መንገድ ፍለጋ አሰበች፤ ከይታገስ ቀጠሮና ከጥቅምት ሃያ በፊት የሚደርስ ግን አልነበረም። ወይ ባሏ ወይ ልጇ ነው።

ቦርሳዋን ከፈተች። ፋሻ አውጥታ አልኮል አፈሰሰችበት።

"እጅዎን ይስጡኝ" አለችው።

"ሲስተር?"

"ይስጡኝ ጋሽ ባየ። ሳይደርቅ ነው የሚለቀው።"

ሰጣት። አውራ ጣቱን በፋሻው ጠቅልላ መጥረግ ጀመረች። ፋሻው ሰማያዊ ሲሆን ጣለችውና ሌላ አወጣች።

"ይቅር ይበሉኝ" አለች ቀና ሳትል። እንባዋ እጁ ላይ ተንጠባጠበ። "መደወል አልነበረብኝም። ልጄ ናት።"

ባየ ገባው። ጣቱን አልሳበም፤ ደስታው ግን ከፊቱ ጠፋ። ይህችኑ ልጁን ሁለት ጊዜ እንደወሰደችበት እስከዳር ታውቃለች። ለዚህ የሚሆን ይቅርታ አታውቅም፤ ስለዚህ መጥረጓን ቀጠለች። ከጥፍሩ ሥር የገባው ቀለም ግን አልለቀቀም።

መሪጌታ ወረቀቱን አጥፈው መጽሐፋቸው ውስጥ ከተቱት።

ባየ ተነሥቶ ጋቢውን ትከሻው ላይ አደረገ። ወደ ማዶ ላለማየት እየተጠነቀቀ "በይ ሂጂ" አላት። "ልጅሽን ፀሐይ መታት።"

ከዚያ በጎቹ መሐል ገብቶ ሄደ።

እስከዳር ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ መንገዱን ተሻገረች። ንጋት የተላጠውን ሸንኮራ አቀበለቻት።

"እማዬ፣ ሰውየው ምን ሆኖ ነው እጁን የጠረግሽለት?"

"ቀለም ነክቶት ነበር።"

"ለቀቀ?"

"ትንሽ ቀርቷል።"

ልጅቷ በዚህ ረካች። የቀሚሷን እድፍ በመዳፏ ሸፍና የፎቶ ቤቱን በር እያየች "እኛስ አሁን እንነሣለን?" አለች።

"እንነሣለን።"

"ለአባዬ ነው የምንልከው?"

"አዎ፣ ለአባዬ ነው።"

"ከፎቶው ጋር ሌላ ምን እንልክለታለን?"

እስከዳር የልጅቷን ጠጉር በእጇ አስተካከለች።

"ሌላ የለም" አለች። "ፎቶውን ብቻ ነው።"