ሁለት መቶ ሃያ ቮልት

ኮምፒዩተሩ ሐረር የገባው በ1980 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በላንድሮቨር የኋላ ወንበር ላይ እንደ በሽተኛ ተደግፎ ነው። ሀብተወልድ መንገዱን ሙሉ አቅፎት መጣ። የሐረር ልጅ ነው፤ ስድስት ዓመት ውጭ አገር ኤሌክትሪክ ተምሮ ሲመለስ በሁለት ዲስኬት የያዘው አንድ ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙ የቫልቭ አምፕሊፋየርን ገና ሳይሠራ በቁጥር ይሠራዋል። ቫልቭ ያ በድሮ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ እንደ ትንሽ አምፖል ቀላ ብሎ የሚበራው ብርጭቆ ነው። የትኛው ቫልቭ፣ ስንት ቮልት፣ ስንት ዙር ሽቦ ብለው ከነገሩት፣ ድምፁ እንዴት እንደሚወጣና የትኛው ዕቃ እንደሚቃጠል አስቀድሞ በወረቀት ያወጣል። ገና አልተፈተነም። አስተማሪው ሲሰናበተው፣ "በአገርህ ቫልቭ ገና አልሞተም፤ እዚያ ፈትነው" ብሎት ነበር።

የተመደበበት የድምፅ ማዕከል በበዓል ቀን ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ለሚደረገው ስብሰባ ማይክሮፎንና የድምፅ ማጉያ ጡሩንባ የሚዘረጋ ትንሽ መሥሪያ ቤት ነው። ኃላፊው ጓድ እንደሻው ኮምፒዩተሩን ዞር ዞር ብለው አዩት።

"እስከ በዓሉ ድረስ ምን እንደሚጠቅም ካላሳየኸኝ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል" አሉት። "አንተም አብረኸው። አቧራ የሚጠርግልኝ ሰው አላጣሁም።"

ማዕከሉ ያለው አምፕሊፋየር አንድ ነው። የሠሩት ሽማግሌው ሬዲዮ ጠጋኝ አው ዓሊዪ ናቸው።

የአው ዓሊዪ ሱቅ ጊደር መጋላ ገበያ፣ በርበሬና እርድ በሚሸጡ ሴቶች መካከል የተወተፈች ነበረች። የበርበሬው ብናኝ ሬዲዮዎቹ ውስጥ ይገባል። እሳቸው መበየጃቸውን በአንድ እጅ፣ የዶሮ ላባ በሌላው ይዘው፣ ከእያንዳንዱ ቫልቭ ሥር እየጠረጉ፣ "የሰው ሬዲዮ ያወራል፤ የሐረር ሬዲዮ ግን ያስነጥሳል" ይላሉ። ሀብተወልድ ደብተሩን ደረቱ ላይ ለጥፎ በሩ ላይ ሲቆም ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

"አንተ የወልደ ጊዮርጊስ ልጅ አይደለህም? አባትህ ያቺን ሬዲዮ ዛሬም በጥፊ ነው የሚያናግራት?"

"አባቴ አርፏል። ሬዲዮዋ ግን አለች።"

"አላህ ያጽናችሁ። እሷስ ትኖራለች። እኔ ነኝ የጠገንኳት።"

አምፕሊፋየሩን ለምርመራ ማዕከሉ ድረስ ሄደው ከፈቱለት። ሀብተወልድ ሁሉን በቴስተር እየለካ በደብተሩ አሰፈረ። አው ዓሊዪ መለኪያ አይወዱም፤ የእጃቸውን ጀርባ ወደ ቫልቩ ያስጠጉና ሙቀቱን ይሰማሉ። ሀብተወልድ ሣጥኑን ሲያዞር ከጀርባው ሁለት ቦታ ያላት ማዞሪያ አየ። በአንደኛው ወገን በምስማር ፀሐይ ተጭሯል፣ በሌላው ጨረቃ።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"ቀን ቀን ፀሐይ ላይ። ከመግሪብ በኋላ ጨረቃ ላይ።"

"ለምን?"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት። "ሐረር አይደለም እንዴ ያደግኸው?"

ሀብተወልድ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከልጅነቱ ጀምሮ አንዴ ያፈረበትን ጥያቄ ደግሞ መጠየቅ አይችልም። ደብተሩ ላይ በጥንቃቄ፣ "ሁለተኛ የሽቦ ጥቅል፤ ዙሩ ከመጀመሪያው ያነሰ፤ ምክንያቱ ያልታወቀ" ብሎ ጻፈ።

ፕሮግራሙን መጀመሪያ በፀሐይዋ ፈተነው። የመብራቱን ኃይል የሚጠይቀው ቦታ ላይ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት አስገባ፤ መጽሐፉም፣ ቆጣሪው ላይ የተጻፈውም የሚሉት ይህንኑ ነው። ቫልቮቹ ዘንድ የሚደርሰውን ወረቀቱ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ቮልት አለ። ቴስተሩ ሦስት መቶ አሥራ አምስት አለ። በማግስቱ ሌላ ቦታ ለካ፤ ያም ገጠመ። በሦስተኛው ቀን ሀብተወልድ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ቆሞ ሳቀ።

ጓድ እንደሻው አልሳቁም። "ታዲያ ምን አገኘ?"

"አምፕሊፋየሩ ልክ መሆኑን።"

"ልክ መሆኑንማ አው ዓሊዪም ይነግሩኛል፣ ያውም በነፃ። ለበላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣው መሣሪያ ምንም አላገኘም ልበል?"

ሀብተወልድ ተመልሶ ተቀመጠ። ያልፈተነው ጨረቃዋን ብቻ ነው። የሁለተኛውን ጥቅል ዙር አስገባ። መብራቱ ጋ ሲደርስ ጣቱ ለአፍታም አላመነታም፤ ሁለት መቶ ሃያ። ማተሚያው እየተንጫጫ ወረቀቱን አወጣ። ቫልቮቹ ከሚችሉት በላይ ይግላሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይቃጠላሉ።

ጓድ እንደሻው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። "እንዲህ በል እንጂ!" አሉና ትከሻውን መቱት።

አው ዓሊዪ ተጠሩ። በበዓሉ ማታ ሰው በስሕተት እንዳያዞራት የጨረቃዋ ሽቦ ይቆረጥ ተባለ።

"ይቃጠላል?" አሉ አው ዓሊዪ። "አሥራ አንድ ዓመት በጨረቃ ሲጮህ ኖሯል እኮ። እስካሁን እንዳይቃጠል ማን ከለከለው?"

ሀብተወልድ ወረቀቱን ዘረጋላቸው። እሳቸው አላዩትም።

"የስንት ሰዓት መብራት ነው የሰጠኸው?"

"ሁለት መቶ ሃያ ቮልት።"

"ስንት ሰዓት ላይ? ነው ያልኩህ።"

"አው ዓሊዪ፣" አሉ ጓድ እንደሻው፣ "መብራት መብራት ነው። ይቁረጡት።"

ሽማግሌው ሀብተወልድን ጠበቁት። አንድ ጥያቄ፣ አንድ "እስቲ ቆይ" ይበቃ ነበር። ሀብተወልድ የወረቀቱን ጠርዝ በጥፍሩ አስተካከለ። አው ዓሊዪ መቁረጫቸውን አነሡ።

"ወላሂ፣ እጄ ነው የቆረጠው" አሉ። "ያዘዘውን ግን ሁላችሁም አይታችኋል።"

መስከረም ሁለት ማታ ፈረስ መጋላ ሞልቶ ነበር። ከድሬ ጠያራ በጭነት መኪና የመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ ቆመዋል። አደባባዩ ከዳር እስከ ዳር ባለ ቀለም አምፖል ተሰቅሎበታል። አው ዓሊዪ ከመድረኩ ጎን፣ ለሁሉ በሚታዩበት ቦታ፣ አምፕሊፋየራቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ሀብተወልድ ከጀርባቸው ቆሟል።

ንግግሩ ሲጀመር ድምፁ ደህና ነበር። ከዚያ በየቤቱ መብራት እየበራ ሲሄድ፣ በላያቸው የተሰቀሉት አምፖሎች ቀስ እያሉ ደፈረሱ፣ እንደ ከሰል ፍም ቀሉ። ሀብተወልድ ቀና ብሎ አያቸው። ልጅ ሳለ ማታ ማታ እናቱ ወደ ጣሪያው እያየች፣ "አምፖሉ እንቅልፉ መጣ" ትል ነበር። የከተማው መብራት በመሸ ቁጥር ይደክማል። ያኔ ሁለት መቶ ሃያ የለም፤ መቶ ሰባ ቢገኝ ነው። ጨረቃዋ የተሠራችው ለዚያ ነው።

"ጓዶች!" አሉ ተናጋሪው፤ ከጡሩንባው የወጣው ግን የተጎተተ ፍየል ጩኸት ነበር። ከገበሬዎቹ በኩል አንዲት ሴት ሳቀች። አጠገቧ ያለው ሊያስቆማት ሲል ራሱ አመለጠው። ሳቁ ረድፉን ይዞ ሄደ።

አው ዓሊዪ የዚያን ጊዜ ያደረጉትን ሆን ብለው አላደረጉትም። እጃቸው ነው ያደረገው። አሥራ አንድ ዓመት ድምፁ በሻከረ ቁጥር እንደሚሄደው ወደ ጀርባ ሄደና ማዞሪያዋን ወደ ጨረቃ አዞራት። የተቆረጠ ሽቦ ነው። አምፕሊፋየሩ ጭራሹን ጠፋ። በጸጥታው ውስጥ ሳቁ ብቻ ቀረ፤ መድረክ ላይ ያሉት ሁሉ ዞረው የሽማግሌውን እጅ ማዞሪያዋ ላይ አዩ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዎች ሱቃቸው መጥተው ወሰዷቸው። ቃሉ በከተማው ለመዞር አልዘገየም፤ አሻጥር።

ሀብተወልድ ያን ጠዋት ፕሮግራሙን ከፍቶ ፀሐይዋን በመቶ ሰባ ቮልት ሞከረ። በወረቀቱ ላይ የወጣው የድምፅ መስመር አናቱ እንደ ተቀጠቀጠ ቆርቆሮ ጠፍጣፋ ነበር። ያ የፍየል ጩኸት ነው፤ ልክ እንደተሰማው። ጨረቃዋን ሞከረ፤ መስመሩ ድቡልቡል፣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። እንደዚህ ያማረ ፈተና አይቶ አያውቅም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተ።

በር ላይ ዘይነባ፣ የአው ዓሊዪ ልጅ፣ ቆማ ነበር። "አባቴ፣ 'ያ ልጅ የማታውን መብራት ሰጥቶ በወረቀት ያውጣው፤ ያሳያቸው' ብለዋል" አለችው። "ወረቀቱ አለህ?"

"አለኝ።"

"አልሐምዱሊላህ። እዚሁ እጠብቅሃለሁ።"

ጓድ እንደሻው ስለ አው ዓሊዪ ለበላይ የሚላከውን ሪፖርት አዘጋጅተው ጠበቁት። "አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። መሣሪያው ተሳስቷል ወይስ አልተሳሳተም? ተሳስቷል ካልክ መኪናው ሐሙስ ይመጣል፤ ጓዝህን ጠቅልል። አልተሳሳተም ካልክ ፈርም።"

"መሣሪያው አልተሳሳተም" አለ ሀብተወልድ። "ግን እኔ..."

"ስለ አንተ ማን ጠየቀህ?"

እውነት ነው፣ አልተጠየቀም። ዓረፍተ ነገሩን አነበበው፤ "ፕሮግራሙ በተደረገለት ፈተና ሁሉ ልክ ሆኖ ተገኝቷል።" አንድም ሐሰት የለበትም። ነጥቡ እንኳ በቦታው ነው። ፈረመ። ጎንበስ ሲል ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ተንኮሻኮሸ።

ሲወጣ ዘይነባ ከተደገፈችበት ግንብ ተነሣች። "ሰጠሃቸው?"

"እየታየ ነው" አላት።

ማታ እናቱ በለጡ ራት አቀረበች። ከራሳቸው በላይ ያለው አምፖል እየቀላ ነበር።

"አው ዓሊዪን ወሰዷቸው አሉ" አለች። "እኚያ ደግ ሰው! ምን አድርገው ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ እማዬ።"

"ዜናውን እስቲ እንስማ፤ ምናልባት የሚፈቱትን ይናገር ይሆናል።" ተነሥታ የአባቱን ሬዲዮ ከፈተች። የሚናገረው ሰው ጉሮሮው የታነቀ ይመስላል። እሷ ሳታይ፣ ወሬዋንም ሳታቋርጥ፣ እጇን ወደ ሬዲዮዋ ጀርባ ላከችና አንድ ነገር ቀጭ አደረገች።

"ምንድን ነው ያዞርሽው?"

"ጨረቃዋን ነዋ። አው ዓሊዪ ከሠሩልን ጀምሮ ማታ ማታ እንዲህ ነው። አባትህ ሲደክመው አንተን አልነበር እንዴ፣ 'ሂድ፣ ወደ ጨረቃ አዙራት' የሚልህ?"

ሬዲዮዋ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ጥርት ባለ ድምፅ ማውራት ጀመረች።